አንድ እግሩ ደጅ የቀረ ጠያቂ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ባንቴ የሚባል። ቀኑን እንደ ጨርቅ ለክቶና ቆርጦ፣ ብጣሽ ሳያስተርፍ የሚጠቀምበት ሰው ነው። ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል ወራት ያልፋሉ። ወዳጆቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት "ጠፋህ እኮ" ይሉታል፤ እሱም "ሥራ ነዋ" ይላል። እውነቱን ነው፣ ሥራ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ወዳጆቹን ከልቡ ይወዳል፤ ችግሩ ልቡ እንጂ እግሩ አይደርስላቸውም።

ከሁሉም የሚያስቀድመው ላቀውን ነው። ላቀው ንብ አናቢ ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ከከተማው ጥግ ከቀፎዎቹ ጋር ብቻውን ይኖራል። ሁለቱ ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ማኅበር ጽዋ ጠጥተዋል። ታዲያ ይኸው ላቀው ሁለት ወር በተከታታይ ከማኅበር ቀረ። ሰው ቢልኩበት "ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" አለ። ሰዉ ማማት ጀመረ፤ አንዱ ኮራብን አለ፣ ሌላው ተቀይሞናል አለ። ባንቴ ይህን ሲሰማ፣ የሃያ ዓመት ወዳጁ እንዲህ በዝምታ ከእጁ ሊወጣ መስሎ ታየውና ፈራ። "እኔው ራሴ ሄጄ እጠይቀዋለሁ" ብሎ ለማኅበርተኞቹ ቃል ገባ።

ቃሉን ለመፈጸም አንድ ረቡዕ ሱቁን ዘጋ። ሱቅ ከተዘጋ አይቀር ደግሞ የተጠራቀመውን ጉዳይ ሁሉ አብሮ ሊጨርስ አሰበ። ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ ማሳደስ አለ፣ ጤፍ ማስፈጨት አለ፣ መቀሶቹን ማስሞረድ አለ፣ የስፌት መኪናው ቀበቶም መገዛት አለበት። በዚያ ላይ የወዳጁ የአስናቀ ልጅ ወልዳለች፤ የባንቴ ጎረቤት የነበሩት ወይዘሮ ይመናሹንም ወድቀው ወገባቸውን ካመማቸው ሰንብቷል። ባዶ እጅ አይኬድምና ሦስት ኪሎ ስኳር ገዛ፣ ለየቤቱ አንዳንድ ኪሎ። ለንብ አናቢ ስኳር ይዞ መሄዱን እንኳ ልብ አላለውም፤ ይታያችሁ።

ቀኑ ግን ቀናው። ቀበሌ ወረፋ አልነበረም፤ ወፍጮ ቤቱም መብራት አልጠፋበትም። አራሷን በር ላይ ሆኖ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አላት፤ ገንፎ ቅመስ ሲሉት ሌላ ቀን ብሎ ስኳሩን ሰጥቶ ወጣ። ወይዘሮ ይመናሹ የወገባቸውን ነገር ከሥሩ ሊያወሩት ሲጀምሩ "እግዜር ይማርዎ" ብሎ በምርቃት አቋረጣቸው። ሁሉም ደስ አላቸው፤ ጠያቂ አያሳጣን አሉ። ሰው ሲመጣ መቼም ደስ ይላል።

ላቀው ቤት ሲደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። ዱቄቱን የጫነው ጋሪ መንገዱ ላይ ቆሟል። ላቀው በድምፁ ለይቶት ብድግ አለ፣ አንገቱን አቅፎ ሳመው፣ ግባ አለው። ባንቴም አንድ እግሩን አስገብቶ ሌላውን ደጅ እንደተወ ሰላምታውን አወረደው። እንዴት ነህ፣ ጤናህስ፣ ንቦቹስ፣ ከማኅበር የቀረኸው በደህና ነው? ላቀው ለሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አለ። ተቀመጥ እንጂ ብሎም ለመነው። ባንቴ ባለጋሪው እየጠበቀው መሆኑን ነግሮት፣ ስኳሩን አስጨብጦት ሄደ።

ቤቱ ገብቶ እግሩን ለብ ባለ ውኃ እየታጠበ ቀኑን ለሚስቱ ለአንጓች ተረከላት። ሰባት ጉዳይ ይዞ ወጥቶ ሰባቱንም ጨርሶ መግባቱን ሲነግራት ደረቱ ነፋ ብሎ ነበር። ላቀውስ ብትለው፣ ጠይቄዋለሁ፣ ደህና ነው አላት።

"ታዲያ ከማኅበር ለምን ቀረሁ አለህ?"

ባንቴ ለፎጣው እጁን ዘረጋ።

"ተቀምጠህ ነው የጠየቅኸው?"

"ቆሜ ነው። ጋሪ ይጠብቀኝ ነበር።"

"እንግዲያውስ የጠየቅኸው በሩን ነው" አለች አንጓች። "በኛ አገር ለቆመ ሰው ክፉ ወሬ ይነገራል? ሰው ይቀመጣል፣ እህል ይቀምሳል፣ ከዚያ ነው የሆድ የሚወጣው።"

ይቺን የማያውቅ ሐበሻ የለም። የመጀመሪያው "ደህና ነኝ" ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም። አልጋ ይዞ የሚያቃስተው እንኳ "ደህና ነኝ" ብሎ ነው የሚጀምረው። ባንቴ ስንት ለቅሶ ቤት፣ ስንት ሕመምተኛ ዘንድ ሲቀመጥ የኖረ ሰው፣ በጥድፊያው ረሳው። አፈረ። በማግስቱ የሰርግ ልብስ የሚጠብቁ ደንበኞች እያሉበት ሱቁን ሳይከፍት ወደ ላቀው ሄደ።

ምንም አልያዘም። ገብቶ ጫማውን አወለቀና መደቡ ላይ ቁጭ አለ። ላቀው ግራ ገብቶት ምነው፣ በደህና ነው ቢለው፣ ልቀመጥ ነው የመጣሁት አለው። ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩ፣ ስለ ድሮ ማኅበርተኞች አወሩ። ላቀው ዳቦና ማር አቀረበ፤ ማሩን ሲቀዳ የሳህኑን ጠርዝ በጣቱ እየዳሰሰ ነበር። ባንቴ አየ። ወሬው አለቀ፤ ባንቴ ግን አልተነሣም። ላቀው በራሱ ጊዜ ተናገረ።

ዓይኑ ከከዳው ቆይቷል። ቀን ቀን ጥላ ጥላውን ያያል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ግን ምንም። ባለፈው ከማኅበር ሲመለስ ቦይ ውስጥ ወደቀ። ያነሡት ሰዎች ጠላው አይሎበት ነው ብለው ሲሳሳቁ ሰማ። ሰካራም መባሉም ከበደው፣ እጄን ይዛችሁ ምሩኝ ማለቱም ከበደው። ስለዚህ ቀረ። አሁን ቀፎዎቹን ለጎረቤት ሰጥቶ ጓዙን አስሯል፤ ቅዳሜ ቆላ ወዳለችው ልጁ ሄዶ እዚያው ሊቀር ነው። ለማንም ሳይናገር፣ ማንንም ሳይሰናበት።

"ትናንት ልነግርህ ነበር" አለ። "ግን አንድ እግርህ ደጅ ነበር። ዓይኔ ቢከዳኝም እሷን አላጣኋትም።"

ባንቴ ሽማግሌ ነኝ ሳይል አለቀሰ። ይቅር በለኝ አለው፤ ላቀውም ይቅር ለእግዜር አለው። ከዚያ ባንቴ አንድ ቀላል ሐሳብ አመጣ።

"ከዛሬ ጀምሮ ከማኅበር ስንወጣ ክንድህን እይዛለሁ። ሰክረዋል ካሉም ሁለታችንንም ይበሉን።"

ላቀው እሺም እምቢም አላለም። ቅዳሜ ጠዋት የተስማማው የጭነት መኪና መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። ባንቴ ያን ቀንም መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሂድም አላለው፣ ቅርም አላለው። ላቀው ግድግዳውን እየዳበሰ በሩ ላይ ወጣ።

"ሂድ ወንድሜ" አለው ሾፌሩን። "ለልጄ ሰላም በልልኝ። እኔ እንግዳ ይዣለሁ።"

ዓይኑ ሞራ ነው ተብሎ ተገፈፈለት የሚሉ አሉ፤ እንደጨለመበት ኖረ የሚሉም አሉ። እኔ የቱ እንደሆነ አላውቅም።

የማውቀው ይህን ነው። ጉዳይ በእግረ መንገድ ያልቃል፣ ወዳጅ ግን በእግረ መንገድ አይጠየቅም። ስኳሩን ተቀብሎ የሚመርቀን ሰው ሁሉ የሆዱን አልነገረንም፤ የሆድ ነገር የሚወጣው የማይቸኩል ሰው ሲያገኝ ነው። ባንቴ ሰባት ጉዳይ ከጨረሰበት ቀን ይልቅ ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ የዋለበት ቀን ሰው አተረፈለት።

እናንተስ? ያ "ደህና ነኝ" ያላችሁ ወዳጃችሁ፣ ይህን ሲላችሁ ሁለቱም እግሮቻችሁ ቤቱ ውስጥ ነበሩ?