ለአንጓች እሳት የወሰደችው በለጡ

«ተረት ተረት!»

«የጎረቤት፣ አውጊን ካንቺ ቤት!»

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ አምባ ሥር ባለች መንደር፣ በለጡ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ልጆቿንም ድራ ኩላ ጨርሳለች። መጠየቅ ግን አልተዋትም። መንገደኛ ሲያልፍ ካየች፦ «ከየት መጣህ? ወዴት ነህ? ጋቢህን ምን ቀደደው?» ትላለች። ቄሱ እንኳ ከሩቅ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይሩ ነበር አሉ።

በዚያችው መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። የመንደሩ ጌታ መሬቷን ቀማት። ለዳኛ ብትጮህ የሚሰማት አጣች። በንዴት ተነሣችና የጌታውን የጤፍ ክምር በእሳት ለኮሰችው። ነፋስም መጣና እሳቱ ከጌታው ክምር ወደ ድሃው ክምር ዘለለ። ያን ዓመት መንደሩ በሙሉ ጎመን እየቀቀለ ከረመ። አንጓችም ታሰረችና ሩቅ አገር ወህኒ ቤት ወረደች። ዓመት ዓመትን ወለደ። ከዚያም ተፈታች።

ክረምት ሲገባ ተመለሰች። የዘመመች ጎጆዋን በቅጠል ደፋፈነችና ገባች። ከዚያም ፍም መያዣ ገል ይዛ እሳት ልትጭር ከጎረቤት ደጅ ቆመች። ያኔ ክብሪት የለም፣ ልጆቼ። ምድጃው የጠፋበት ሰው ከጎረቤት ፍም ለምኖ ነው የሚያቀጣጥለው። እሳት የከለከለሽ ጎረቤት ሁሉን ከለከለሽ ማለት ነው።

አንዲቱ ሴት፦ «ለእሳት ለኳሽ እሳት አልሰጥም» አለቻት። ሌላይቱ በሯን ዘጋች። አንጓችም ባዶ ገሏን ይዛ ተመለሰች።

በለጡ ይህን ሁሉ ከአጥሯ ሥር ሆና አየች። የእሷም ጤፍ ነዷልና ልትጠራት አልወደደችም። በማግስቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ግን ዓይኗ ወደዚያች ጎጆ ሄደ። ጭስ የለም። በሌላውም ቀን ጭስ የለም። «ይህች ሴት ምን በልታ ታድራለች?» አለች በልቧ። ጥያቄው እንደ ቁንጫ ነከሳት። አልቻለችምና እንስራዋን አስቀምጣ ሄደች።

በሩን ገፋ ስታደርገው አንጓች ብድግ አለች። ከፊቷ በውኃ የራሰ ጥሬ ሽምብራ አለ።

አንጓችም፦ «እትዬ በለጡ፣ ልቀመጥ?» አለች።

በለጡ ገረማትና፦ «በገዛ ቤትሽ ማንን ታስፈቅጃለሽ?» አለቻት።

«አፌ ለምዶ ነው። እዚያ ሳያዙን አንቀመጥም፣ ሳያዙን አንነሣም። አሁን ጠዋት ስነቃ የሚያዘኝ አጣለሁ። ግራ ገብቶኝ እንደተጋደምኩ እውላለሁ።»

«ክምሩንስ ለምን ለኮስሽው?»

«የጌታውን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ነፋስ ግን ጌታ ከድሃ አይለይም።»

«የኔም ነደደ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች አንጓች፣ አንገቷን ደፍታ።

ያኔ በለጡን ንዴት ያዛት። ያን ዓመት የበላችው ጎመን ሁሉ ወደ ጉሮሮዋ የመጣ መሰላት። ወጥታ ሄደች። ቤቷም ገባችና ከምድጃዋ ዳር ቁጭ አለች። ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። ፍሙን አየችና፦ «አሁን ይህን ብከለክላት፣ የነደደው ጤፌ ይመለሳል?» ብላ ራሷን ጠየቀች። ሌላውን ሁሉ ስትጠይቅ ኖራ ራሷን ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። መልሱ አላስቀመጣትም። ፍሙን በገል አደረገች፣ አመድ አለበሰችው፣ ገሣዋን ደፋችና ወሰደችላት።

በማግስቱ ከዚያች ጎጆ ጭስ ወጣ። ሴቶቹም ምንጩ ዳር በለጡን ከበቧት።

ማንጠግቦሽ የምትባለው፣ ያን ዓመት የመጨረሻ ላሟን ሸጣ ልጆቿን ያበላችው፦ «ለእሷ እሳት ሰጥተሽ ከኛ ማኅበር አትጠጪም!» አለቻት።

በለጡም፦ «እሺ፣ አልጠጣም። ግን ከተመለሰች ወዲህ አንዲት ነገር ጠይቃችኋታል?» አለች።

«ምን ብለን?»

«እኔ ምን አውቄ! የልባችሁን።»

አረም ደረሰና በለጡ ደቦ ጠራች። አንጓችንም ጠራቻት። ሴቶቹ ማኅበሩን ቢከለክሉም ደቦውን ግን አልቀሩም፤ ነገሩ ከንክኗቸዋል። በመጀመሪያ እነሱ በወዲያ ጥግ፣ አንጓች በወዲህ ጥግ ሆነው ያርማሉ። አረሙ ግን እየነቀሉት ሲሄዱ ያገናኛል። አንዲት አዲስ ሙሽራ አላስችል አላትና፦ «በወህኒ ቤት ይዘፈናል?» ብላ ጠየቀች።

አንጓችም ሳቀች። «ይዘፈናል እንጂ! ዘፋኟ ስትፈታ ግን ዘፈኑም አብሯት ይሄዳል» አለች።

ከዚያማ ማን ያቁማቸው! ምን ትበላላችሁ፣ ምን ትሠራላችሁ፣ ከታመማችሁስ ይሉ ጀመር። ማንጠግቦሽ ግን ቀና አለችና፦ «ልጆቻችን ሲራቡ አስበሽን ታውቂያለሽ?» አለቻት።

አንጓች የያዘችውን አረም ጣለችና፦ «የሁላችሁንም ስም እየጠራሁ አለቅስ ነበር። ይቅር በሉኝ ለማለት አፍ አጣሁ። ይኸው፣ ይቅር በሉኝ» አለች።

አንዲቱ አለቀሰች። ሌላይቱ፦ «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አለች። ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አንሥታ ሄደች። ማንም አልወቀሳት። የተራበ ልጅ ያቀፈች እናት ይቅር የምትልበትን ጊዜ ራሷ ታውቃለች።

በለጡ ግን ገና አልጠገበችም። «የተፈታሽ ዕለት ማን ተቀበለሽ?» አለቻት።

«በሩ ሲከፈት አንዲት አህያ ቆማ ነበር። እሷም ሌላ ሰው ነው የምትጠብቀው።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቁና ደግሞ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አሁንስ እዚያ ዘመድ የሌላት ቀርታለች?» አለች በለጡ።

«ያለምወርቅ የምትባል አለች። ከመስቀል በኋላ ትፈታለች። የት እንደምትገባ አታውቅም።»

መስቀል አለፈ። በለጡና አንጓች፣ ያችም ሙሽራ፣ ስንቅና የታጠበ ቀሚስ ይዘው መንገድ ጀመሩ። ወህኒ ቤቱ ሲታይ የአንጓች እግር አልሄድም አለ። ከዋርካ ሥር ቁጭ አለችና፦ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ከዚህ እጠብቃለሁ» አለች። ሙሽራይቱም አብራት ቀረች። በለጡ ብቻዋን ሄደች።

በሩ ተከፈተና አንዲት ቀጭን ሴት ጨርቋን ጠቅልላ ወጣች። ወዲያና ወዲህ አየች፣ ቆመች።

በለጡም፦ «ያለምወርቅ ነሽ?» አለቻት።

«ነኝ። እናቴ፣ ማንን ብለው መጡ?»

«አንቺን።»

«ተሳስተዋል። እኔን የሚያውቅ ሰው የለም።»

«እኔም አላውቅሽም። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ» አለች በለጡ፣ ጨርቁን ከእጇ እየተቀበለች። «በይ እንግዲህ። እርቦሻል?»

ያለምወርቅም፦ «እርቦኛል» አለች።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። እኔንስ ማን ይጠይቀኝ? እስቲ ጠላውን በዋንጫ፣ ቆሎውን በእፍኝ አቀብሉኝ!