ታፔላው እንዳይሸፈን

የገዛ እጁን ጥፋት በሌላ የሚያላክክ ሰው ሲያጋጥም ደሴ ውስጥ የሚባል አንድ አባባል አለ። ዛሬ ሰው ሲተርተው ይስቃል። የወጣበት ቀን ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ትርንጎማ ጥርሷን ነክሳ ነው የዋለችው።

ትርንጎ በአቶ እሸቴ ሆቴል ከአራት ሴቶች ጋር ስድስት ዓመት ዕቃ አጥባለች። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል። በቀረው ቀን ሴቶቹ ጓሮ ካለው ሮቶ በባልዲ እየቀዱ ያጥባሉ። አንድ ቀን አቶ እሸቴ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን አስመጣና አራቱን አሰናበተ። ማሽኑን የምታሠራ አንድ ሰው ስለሚያስፈልገው ትርንጎን አስቀራት።

ማሽኑ በፈረቃው ቀን እንደ ጉድ አጠበ። በማግስቱ ውሃ አልሞላም አለ። ያጉረመርማል፣ ቀይ መብራት ያበራል፣ ይጠፋል። ትርንጎ ሶኬቱን ነቅላ ሰካች። በሩን ከፍታ ዘጋች። ውሃ የሚያስገባውን ጎማ ጫፍ ፈትታ ትንሿን ወንፊት አየች፤ አንድ ጉድፍ የለባትም።

«አንቺ ነሽ ያበላሸሽው!» አለ አቶ እሸቴ፣ አስተናጋጆቹ ሁሉ እየሰሙ። «ጓደኞቼ ለምን ተባረሩ ብለሽ ነው። ምቀኛ!»

የትርንጎ ደም ፈላ። «ጋሼ፣ የቧንቧው ውሃ ሲመጣ ይሠራል። ከሮቶው ሲሆን ነው እምቢ የሚለው። ሦስቴ ነገርኩዎት እኮ!»

«ውሃ ውሃ ነው! ማሽኑ ሰነፍ፣ አንቺ ተንኮለኛ። ነገ ባለሙያ ይመጣል። ያንቺ እጅ ካለበት፣ እዚህ ከተማ ሳህን የሚያስነካሽ ሆቴል አይኖርም።»

ያደርገዋል። የሆቴል ባለቤት ሁሉ ወዳጁ ነው።

በማግስቱ ኑርዬ የሚባል ባለሙያ መጥቶ የማሽኑን ሆድ ዕቃ አንድ በአንድ ፈታ። «ምንም አልሆነም» አለ። አቶ እሸቴ ግን ዓይኑን ከትርንጎ ላይ አላነሳም። እሷም ትዕግሥቷ አለቀ። ጎማውን ከማሽኑ ነቅላ ባልዲ ውስጥ ከተተችውና፣ «በል ቧንቧውን ክፈተው!» አለች ኑርዬን።

ውሃው እንደ ሕፃን ሽንት ቀጠነ።

«በዚህ አያያዝ ባልዲው ለምሳም አይሞላም» አለ ኑርዬ። «ማሽኑ ይጠብቃል፣ ውሃ ካልደረሰው ራሱን ያጠፋል። ግፊት የለም። ሮቶው የት ነው?»

ተያይዘው ጓሮ ወጡ። ሮቶው ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ሲሚንቶው ላይ ተጎልቷል። ጣሪያው ላይ ሮቶው የነበረበት የብረት ማማ ባዶውን ቆሟል።

«ማነው ያወረደው?»

ተከትለዋቸው የመጡት የበሩ ዘበኛ ጋሽ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያስወረዱት አቶ እሸቴ፤ አዲሱን ታፔላ ከለለብኝ ብለው።»

በባልዲ ለሚቀዱት ሴቶች የሮቶው መውረድ እንዲያውም ተመችቷቸው ስለነበር፣ እስከዚያ ቀን ማንም ነገሬ አላለውም።

«እንግዲያው መልሰው ይስቀሉት» አለ ኑርዬ። «ሌላ ጣጣ የለውም።»

አቶ እሸቴ ቀና ብሎ ታፔላውን አየ። የገዛ ስሙ በቀይ ፊደል ተጽፎበታል። «ታፔላዬንማ አልሸፍንም! ማሽኑ ይመለስ፤ ሰነፍ ማሽን ነው የሸጡልኝ። አንቺስ ምን ቆመሽ ታያለሽ? እሑድ አዳራሻችን የሚደረገውን ሰርግ ዕቃ በእጅሽ ታጥቢያለሽ።»

«የአምስት መቶ ሰው ሳህን? ብቻዬን?»

«ብቻሽን!»

«መጀመሪያ ስሜን ይመልሱ። እነዚህ ሰዎች ፊት፣ አላበላሸሽም ይበሉ።»

አቶ እሸቴ ፊቱን አዞረ። ትርንጎ ሽርጧን ፈትታ ባልዲው ውስጥ ወረወረችው።

«እንግዲያው ሳህኑን ታፔላዎ ይጠብልዎ!»

ኑርዬ መፍቻዎቹን ሰብስቦ ተከተላት። «አይዞሽ፤ እኔ የማልገባበት ሆቴል የለም። ማን እንዳበላሸው በየሄድኩበት እናገራለሁ» አላት።

በሩ ላይ አዳራሹን ሊያዩ ከመጡ የሙሽራው ዘመዶች ጋር ተገጣጠሙ። «ምን ሆና ነው እንዲህ የተቆጣችው?» ብለው ወደ በሩ የተመለሱትን ጋሽ ሙሄን ጠየቁ። ጋሽ ሙሄም በሩን ለትርንጎ ወለል አድርገው ከፈቱላትና፣ ጓሮ ድረስ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ሮቶውን መሬት ጎልቶ፣ ማሽኑን ሰነፍ ይላል!»