ለክትባት የተነፋ ጥሩምባ

አንድ ሰው ነበረ፤ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ጥያቄሽን አልረሳሁም፣ ልጄ። «የሠራሁትን የጤና አገልግሎት ስልክ ላይ አውጥቼዋለሁ፣ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ታዲያ ምን ጎደለው?» ብለሻል። ቆይ፣ መጀመሪያ ሰውየውን ስሚ።

ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስቶ እየነፋ ይዞራል። መስማት የማትችል አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እሷ ቤት ሲደርስ ገብቶ ትከሻዋን ይነካል። ከወንዝ ማዶ ያሉት ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ለእነሱ በቋንቋቸው ይለፍፋል። አንድ ቤት ቢዘል ዕድሩ ይቀጣዋል።

አንድ ቀን ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሎ አየና ተቆጥቶ ሄደ።

«ማን ሞቶ ነው ለእኔ ሳይነገር ድንኳን የተጣለው?»

«ማንም አልሞተም፣ አባቴ» አለው አንድ የጤና ባለሙያ። «የኩፍኝ ክትባት ነው። ለሁለት መቶ ሕፃናት አምጥቼ የመጡት ሰባት ናቸው። ሳጥኑን የሚያቀዘቅዘው በረዶ ከማታ አያልፍም፤ መድኃኒቱ ሊበላሽብኝ ነው። ሰዉ አይፈልግም መሰለኝ።»

«ነግረሃቸዋል?»

«ለሁሉም በስልክ መልእክት ልኬያለሁ።»

«ለሁሉም!» ሽማግሌው ሳቀ። «እኔ ስልክ የለኝም። ከእኔ ቤት ጀምረህ ዘለሃል።»

ይህን ብሎ ጥሩምባውን ነፋ። በየደጁ ዞረ፤ ወንዙንም ተሻገረ፤ የሸክላ ሠሪዋንም ትከሻ ነካ። «ሕፃን ያለው ሕፃኑን ይዞ ይውጣ!» ይላል፤ ግን ጥሩምባ ከተነፋ ወዲያ የሚለውን ማን ይሰማዋል? ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ልጆቻቸውን አዝለው እየሮጡ መጡ።

«ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?»

«ማንም! ማንም እንዳይሞት ነው የጠራኋችሁ!»

«አንተ ሟርተኛ!» አለች አንዲት ባልቴት፣ በነጠላዋ ጫፍ እየመታችው። «መንገዱን ሙሉ ያፈሰስኩትን እንባ ማን ይመልስልኛል?»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሳይመሽ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ሸክላ ሠሪዋም መንታዎቿን አስከተበች። ከዚያ ወዲያ ያለቀሱት ሕፃናቱ ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያንቺ ሥራ የዚያ የጤና ባለሙያ መልእክት ነው። ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ስልክ ያለውን፣ ማንበብ የሚችለውን፣ ቋንቋሽን የሚያውቀውን ብቻ ያገኛል። እኛ ሰዎች ጉድ ነን፤ ለቀብር ስንጠራራ አንድ ቤት አንዘልም፤ ለመዳን ሲሆን ግን «ያልመጣ አልፈለገም» ብለን እንተኛለን። በይ ተነሺ። የሸክላ ሠሪዋን ትከሻ የሚነካው ማን እንደሆነ አስቢበት፤ «ለሁሉም» የምትይው ያኔ ነው።