ለምሳሌ የተጠራችው ልጅ

አንድ የቀጥቃጭ ልጅ ነበረ። መምህር አሥራደ ነገሩን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። የሚነግሯት ያምሮት የምትባል ተማሪያቸውን ነው። ያምሮት ሶሲዮሎጂ ታጠናለች፤ ጎን ለጎንም የማኅበራዊ ሳይንስ መምህርት የሚያደርጋትን የሙያ ፈቃድ ለማግኘት ትዘጋጃለች። ያን ቀን ከክፍል እስኪወጡ ጠብቃ፣ «ጋሼ፣ ናቂውና የተናቀው ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለ ንቀት እንዴት አድርጌ ነው የማስተምረው? የተናቀው ልጅ እዚያው ሆኖ እየሰማኝ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ እሷንም አስቀመጧትና ቀጠሉ።

የቀጥቃጩ ልጅ ጎበዝ ተማሪ ነበር። አባቱ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። አገሬው ማረሻውን ይገዛል፤ ሠሪውን ግን ቡዳ ነው እያለ ይሸሸዋል። ልጁን አይድርለትም፤ ከማዕዱ አያቀርበውም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከዚህ ሁሉ የተገላገለ መሰለው። እዚያ ማንም አያውቀውም። አባትህ ምን ይሠራል ሲሉት «ገበሬ ነው» ይልና ወሬ ይቀይራል።

የሚማረው ግን ሶሲዮሎጂ ነበር። አንድ ቀን አስተማሪው ከኅብረተሰቡ ስለተገለሉ ወገኖች ሲያስረዱ የቀጥቃጮችን፣ የሸክላ ሠሪዎችንና የፋቂዎችን ነገር አነሱ። መሬት ስለተከለከሉ በእጃቸው ሥራ ማደር ግድ እንደሆነባቸው፣ ሰው ሥራቸውን እየፈለገ እነሱን እንደፈራ፣ ፍርሃቱንም ለልጆቹ እያወረሰ እንደመጣ ተናገሩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። እስከዚያች ቀን ድረስ ጥፋቱ ከአባቱ ደም ውስጥ ያለ ይመስለው ነበር። ለካስ ሰው ያመጣው ነገር ነው። ከአዳራሹ ሲወጣ ሰውነቱ ቅልል አለው፤ ይህን ለልጆች ማስተማር አለብኝ ብሎ የወሰነውም ያን ጊዜ ነው። አባቱን ገበሬ ማለቱን ግን አልተወም።

የማስተማር ልምምዱ ሲደርስ አንዲት ትንሽ ከተማ ተመደበ፤ ስድስተኛ ክፍልን ሰጡት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ልጆቹ በየዴስኩ ተጣበው ይቀመጣሉ። አንዲት ልጅ ብቻ ሰፊ ዴስክ ለብቻዋ ይዛለች። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት።

ወጣቱ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። በማግስቱ የተማረውን ሁሉ አዘጋጅቶ መጣና ልጅቷን በስሟ ጠርቶ አስነሳት። «ለምሳሌ እሷን ውሰዱ» አለ። መገለል ማለት ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን ስህተት እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳ። ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው፤ የተሳሳተ ነገር አልነበረበትም። ልጆቹም ጸጥ ብለው ሰሙት። ልጅቷ እስኪጨርስ ድረስ እግሯን እያየች ቆመች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ከዚያም በኋላ ቀረች።

ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ አጠያይቆ ሄደ። እናትየው ያልተተኮሱ ድስቶች ፀሐይ ላይ ስትደረድር አገኛት። ደንግጣ ተነሣች፤ በርጩማ አወጣችለት። ቀጥላ ወደ ሱቅ ሄዳ ለስላሳ መጠጥ በጠርሙስ ይዛ መጣች፤ ከመክፈቻው ጋር ፊቱ አስቀመጠችለት። «ያልተከፈተ ነው መምህር፤ ራስዎ ይክፈቱት» አለችው።

ወጣቱ ጠርሙሱን አየው። የገዛ እናቱም እንግዳ ሲመጣባት እንዲህ ነበር የምታደርገው። ከቤታቸው ዕቃ ማንም እንደማይጠጣ ስለምታውቅ እንግዳውን ከመጠየፍ ታድነዋለች። አሁን እሱ ራሱ ያ እንግዳ ሆኖ ተቀምጧል።

ልጅቷ ለምን እንደቀረች ጠየቃት። እናትየው እጇ ላይ የቀረውን ጭቃ ጠረገች።

«መምህሩ ክፉ አልተናገሩም ነው የምትለኝ» አለች። «ያሉት ሁሉ እውነት ነው ትላለች። ግን ሁሉም እሳቸውን መስማት ትተው እኔን ያዩኝ ነበር አለችኝ።»

ወጣቱ፣ እኔም እንደናንተው ነኝ ሊላት ፈልጎ ተወው። ከጠርሙሱ ጥቂት ጠጥቶ፣ አመስግኖ ወጣ። መንገዱን ሁሉ አፈረ። እሱ አንድም ቀን ደፍሮ ሊቆም ያልቻለበት ቦታ ላይ ያቺን ልጅ አቁሟታል። ያውም ሳያስፈቅዳት።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው የተላኩ ገምጋሚ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። መምህር መሆን አለመሆኑ በእሳቸው ይወሰናል። በዚያ ላይ የተከራየበት ቤት ባለቤት ልጅም እዚያው ክፍል ትማራለች፤ የተናገረው ሁሉ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቤት ይገባል። የዕለቱ ትምህርት የአካባቢያችን የሥራ ዓይነቶች ነበር። ጠመኔውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነው» አለ። «ማረሻ ይሠራል። እዚህ ስመጣ ግን ገበሬ ነው ብዬ ለሁላችሁም ዋሽቻለሁ።»

አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ለምን ዋሹ?»

«እንዳትሸሹኝ ፈርቼ ነዋ።»

ከዚያ ስለ መሬቱ ነገራቸው፤ ስለ ፍርሃቱም ነገራቸው። ያን ጊዜ የተናገረውን ያንኑ ነገር ነው የሚደግመው። አሁን ግን የሚያዩት እሱን ነው። አንዷ ተማሪ፣ ቀጥቃጮች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። አልተቆጣትም።

«እኔም በናንተ ዕድሜ ሰው ሲያወራ ሰምቼ አባቴን አንድ ሌሊት ነቅቼ ጠብቄዋለሁ» አለ። «ሲያንኮራፋ አደረ።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው በረከተ፤ ደወሉ ተደውሎም አልወጡም።

ገምጋሚው ሲወጡ፣ ሰሌዳውን አለመጠቀሙንና ሰዓት ማሳለፉን ነገሩት። ይህን ብለው እጁን ጨበጡና ቶሎ አልለቀቁትም። ግምገማውንም አሳለፉት። አከራዩ ግን በዚያው ሳምንት ቤቱን እፈልገዋለሁ ስላለው ዕቃውን ይዞ ሌላ ጋ ገባ። ከፍቶት ነበር፤ የሠራውን ግን አልተጸጸተበትም። ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ተመልሶ ሄዶ ማን እንደሆነ ነገራት፤ ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቃት።

ልጅቷ ወደ ክፍል ተመለሰች። መጀመሪያ ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም። እሱም አላስገደዳቸውም፤ ማስተማሩን ብቻ ቀጠለ። ልምምዱ ሊያልቅ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ወደ ክፍሉ ሲመጣ ከውስጥ ጩኸት ሰማ። ያ ሰፊ ዴስክ ሞልቶ ልጆቹ በላጲስ ይጣላሉ፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ከሁሉም በላይ እየጮኸች «የኔ ነው» ትላለች። ሊገላግላቸው አልቸኮለም። በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አዳመጠ።

መምህር አሥራደ ይህን ተናግረው ወደ ያምሮት ዞሩ።

«አየሽ፣ ያ ሰው ሁለት ጊዜ ያስተማረው አንድ ትምህርት ነው። መጀመሪያ ሌላ ሰው አስነሥቶ አሳየበት፤ ኋላ ራሱ ቆሞ አሳየ። የአንቺም ትምህርት እንዲሁ ነው። ይህን ሁሉ ስለ ሰው ኑሮ የምታጠኚውን ይዘሽ ክፍል ስትገቢ፣ ከልጆቹ መካከል ምሳሌ አትፈልጊ። ከናቁት ወገን ሁኚ ከተናቁት፣ ከራስሽ ጀምሪ። አንቺ ሳትሸሺ ከቆምሽላቸው እነሱም የራሳቸውን ለማየት ይደፍራሉ።»



«ጋሼ፣ እኛ ሰፈር ሸማኔዎች ይኖሩ ነበር» አለች ያምሮት። «በበራችን ሲያልፉ ታናሽ እህቴን ጎትቼ ወደ ቤት የማስገባት እኔ ነበርኩ።»

መምህር አሥራደ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ በዚያ ጀምሪያ» አሏት።