ጅራታሟ ኮከብ እና አያ ጥቁር ጉድጓድ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ። ከሰማይ ወዲያ ማዶ አንዲት ፈሪ ጅራታም ኮከብ ነበረች። መንገዷ ብርሃንን እንኳ በሚውጠው በጥቁር ጉድጓድ ደጃፍ ያልፋል። እዚያ ሰፈር ደግሞ ያለ እረፍት የምትሽከረከር ወሬኛ ኮከብ ነበረች። ትንሽ ናት፤ ክብደቷ ግን ከተራራ ሁሉ ይበልጣል።

«እመት ጅራቴ፣ እሱ ያየውን ሁሉ ይውጣል። አለቀልሽ» አለቻት።

ጅራታሟ ኮከብ መቆምም ወደ ኋላ መመለስም አትችልም። ወደ ጉድጓዱ ቀረበችና፣ «አያ ጥቁር ጉድጓድ፣ ሳልዋጥ የማልፈው በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ጥቁር ጉድጓድን እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀው አልነበረም።

«እኔ ማንንም አላሳድድም» አላት። «ደፌን ያለፈውን ግን ልመልሰው ብፈልግም አልችልም። ያ በዙሪያዬ የሚዞረው የጋለ አቧራ ሲያበራ ይታይሻል? ከእሱ ራቅ ብለሽ ዙሪ፤ ምንም አትሆኚም።»

እንደነገራት ርቃ ዞረች። ጉድጓዱ ከኋላዋ ሲቀር በረጅሙ ተነፈሰች፤ በፍርሃት የተሰበሰበው ጅራቷም ተዘረጋ።

ወሬኛዋ ኮከብ መሽከርከሯን ሳታቋርጥ፣ «እንዴት አመለጥሽ?» አለቻት።

«መንገዱን ጠየቅሁት፤ አሳየኝ» አለቻት።

ተረቴ እዚህ አበቃ፤ እናንተም በሰላም ግቡ።