ከበዓለ ንግሡ የጎደለው መሐላ

አንድ ጊዜ፣ ንጉሥ ያለው ንጉሡ ግን እንዳሻው የማያዝበት አንድ ጫካ ነበረ። አንበሳው ዘውድ ይጭናል፣ በበዓል ቀን ቋጥኙ ላይ ወጥቶ ያገሳል፣ እንግዳ ይቀበላል፤ የጫካውን ጉዳይ የሚወስነው ግን ከትልቁ ዋርካ ሥር የሚሰበሰበው የእንስሳት ሸንጎ ነው። ከንጉሡም ከሸንጎውም በላይ ደግሞ አንድ የቆየ ውል አለ። አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ ወንዙ ዳር ይቆምና በሁሉም ፊት እንዲህ ብሎ ይምላል፦ «በዚህ ወንዝ ዳር ውኃ ሊጠጣ የመጣውን፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ቢርበኝም አልነካም።» እንስሳቱም «ሰምተናል» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ አዳኝ ወይም እሳት ሲመጣ እየጮኹ ንጉሡን ያስጠነቅቁታል። «ሰምተናል» እስኪባል ድረስ አንበሳው ንጉሥ አይደለም፤ ንጉሡ ሲሞት ደግሞ መሐላው አብሮት ይሞታል።

አሮጌው አንበሳ ሞተ። ጫካው ሁሉ አለቀሰ፤ ከልቧ ያዘነችው ግን እማማ አህያ ነበረች፤ የዘጠኝ ቀን ውርንጭላ ነበረቻትና። ሌላ ውኃ የሚገኘው የግማሽ ቀን መንገድ ተሂዶ ነው፤ የውርንጭላዋ እግር ደግሞ ገና ይብረከረካል። መሐላ ከሌለ ወንዝ የለም፤ ወንዝ ከሌለ ልጅ የለችም።

እማማ አህያ በተፈጥሮዋ ተጠራጣሪ ናት። ሣር እንኳ ሦስቴ ሳታሸት አትግጥም። ጎረቤቶቿ በዚህ ይስቁባታል። እኔ ግን አልስቅባትም፤ አንበሳ ባለበት ጫካ ሳይጠራጠር ያረጀ አህያ አይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን፣ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት የሚመራው አጋፋሪ ቀበሮ እንስሳቱን ዋርካው ሥር ሰብስቦ የአሮጌው አንበሳ ልጅ የሚነግሥበትን በዓል ዝግጅት አስታወቀ።

«በመጀመሪያ ጦጣዎች ከበሮ ይመታሉ። ቀጥሎ ከአጎራባች ጫካ የሚመጡ አንበሶች ሰላምታ ያቀርባሉ። ከዚያ ወንዙ ዳር እኔ ‹ንጉሣችን ይንገሥ!› ስል እናንተ ‹ይንገሥ!› ትላላችሁ። በመጨረሻ ድግስ ነው!»

«የመጨረሻውን ድገምልኝ» አለ አያ ጅቦ ከኋላ ሆኖ።

ሁሉም ሳቀ፣ አጨበጨበ። እማማ አህያ ብቻ ጆሮዋን አቀናች።

«አጋፋሪ፣ መሐላው የቱ ጋ ነው?»

«የምን መሐላ?»

«የወንዙ መሐላ ነዋ።»

ቀበሮው በትዕግሥት ፈገግ አለ። ቀበሮ ትዕግሥት ሲያበዛ መጠርጠር ነው። «እሜቴ አህያ፣ ዘመኑ እኮ ተለውጧል። የዛሬ በዓል አጭር፣ ደማቅ፣ ለእንግዳ የማይሰለች መሆን አለበት። ጃንሆይ የተማሩ ናቸው፤ እንደ አባታቸው ማስማል ነውር ነው። መሐላው በሆድ ይያዛል።»

«በማን ሆድ?» አለች እማማ አህያ።

ቀበሮው ወደ ጦጣዎቹ ዞረ። ከበሮው እንዲሞከር አዘዘና ጦጣዎቹ መደለቅ ጀመሩ፤ ጥያቄዋም በዚያው ተዋጠ።

በማግስቱ ጠዋት እማማ አህያ ልጇን ከቁጥቋጦ ውስጥ ሸሽጋ ድግሱ ወደሚደገስበት መስክ ሄደች። አያ ጅቦ ብቻውን ተጎልቶ ከንፈሩን ይልሳል። እሷም በመስኩ ዳር ያለውን ጠባብ ገደል በመካከላቸው አድርጋ ቆመች።

«ምነው አያ ጅቦ፣ ከአሁኑ? በዓሉ ነገ አይደል?»

«ቦታ እንዳላጣ ብዬ ነው።»

«ለመሆኑ ድግሱ ምንድን ነው?»

«አጋፋሪው ለማንም እንዳትናገር ብሎኛል።»

«እሱስ ደግ አደረገ። ያንተን ድርሻ አሳንሶ እንዳይሆን ብቻ።»

አያ ጅቦ ደነገጠ። «ኧረ አላሳነሰም! ሥጋው ለጃንሆይ፣ ጉበቱ ለእሱ፣ አጥንቱ በሙሉ ለእኔ! አጥንቱ ገና አልጠነከረም፣ እንደ ሣር ይታኘካል ብሎኛል። ወንዙ ዳር ራሱ በእግሩ ይመጣል፣ መልፋት የለም አለኝ።» ቀጥሎ ትንሽ አሰበና፣ «ለመሆኑ ውርንጭላሽ ነገ ትመጣለች አይደል?» ሲል ጠየቃት።

የማን አጥንት እንደሆነ ለእማማ አህያ ገባት። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ድምፅዋን ግን አላናወጠችም። «እንዴታ፣ ትመጣለች» አለችና ጀርባዋን ሳትሰጠው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየረገጠች ሄደች።

ያን ቀን ሙሉ ከጎሬ ጎሬ ስትዞር ዋለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ነገ ቀበሮው ‹ይንገሥ› በሉ ሲላችሁ ዝም በሉ።»

«በቃ?» አለ ከርከሮ። ጠብ ካልሆነ ነገር ቀላል ይሆንበታል።

«በቃ።»

ሚዳቋ ግን ዙሪያዋን ቃኘች። «ዝም ስል ብታይስ?»

«እህቴ፣ የሚታየው የጮኸው ነው። ሁሉም ዝም ካለ ማን ተለይቶ ይታያል?»

«ሌሎቹ ቢጮኹስ?»

እማማ አህያም የፈራችው ይህንኑ ነበር። ሚዳቋን በፍርሃቷ ጠረጠረቻት፣ ከርከሮን በችኮላው ጠረጠረችው፣ ጦጣዎቹንማ ከበሮው ስላስደሰታቸው ጨርሶ አላመነቻቸውም። ሆኖም ሌላ መንገድ አልነበራትም። ቀበሮው ነገ ውርንጭላዋን ቢያጣት ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ እንደሚመጣባት ታውቃለች፤ ስለዚህ ልጇን ይዛ ወደ በዓሉ ለመሄድ ቆረጠች።

የበዓሉ ቀን ፀሐይዋ ደምቃ ወጣች። ከበሮው ተመታ። ጎረቤት አንበሶች ጎፈራቸውን አበጥረው መጡ። ወጣቱ አንበሳ ዘውዱን ጭኖ ወንዙ ዳር ቆመ፤ እውነት ለመናገር ያምርበት ነበር። ዓይኑ ግን ከዘውዱ ይልቅ ከእማማ አህያ ሆድ ሥር የተወሸቀችው ውርንጭላ ላይ ነበር። ምናልባት ትንሽነቷ አስገርሞት ይሆናል። ምናልባትም ሌላ ነገር ይሆናል።

ቀበሮው ጉሮሮውን ጠረገ። «ንጉሣችን ይንገሥ!»

ዝም።

«ንጉሣችን ይንገሥ!»

«ይንገሥ! ይንገሥ! እንብላ!» አለ አያ ጅቦ ብቻውን። የሱ ድምፅ ከወንዙ ማዶ ያለውን ገደል መትቶ ሲመለስ ተሰማ፤ ከዚያ እንደገና ዝም። ሚዳቋ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። እንግዶቹ አንበሶች እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ምን ሆናችኋል?» አለ ወጣቱ አንበሳ።

እማማ አህያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። «ልዑል ሆይ፣ መሐላውን አልሰማንም።»

ሌላው ሁሉ «ጃንሆይ» ሲለው ሰንብቶ «ልዑል» መባሉ ቆረቆረው። ቀበሮው ጠጋ ብሎ፣ «አሮጌ ልማድ ነው፣ ጃንሆይ። አይስሟት» አለ።

«ልማድ አይደለም፣ ውል ነው» አለች እማማ አህያ። «አባትዎ ምለው ነበር። አዳኞች ሲመጡባቸው በጩኸት ያተረፍናቸው በዚያ ነው። እርስዎ ቃል ካልገቡልን እኛም አዳኝ ሲመጣ ዝም እንላለን። ዝምታችን ምን እንደሚመስል አሁን ሰምተውታል።»

አንበሳው ወደ ማዶው ዱር አየ። ዱሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በውስጡ ምን እንዳለ ከወንዙ ዳር አይታይም። ጎረቤት አንበሶቹ ደግሞ መልሱን እየጠበቁ ነው።

በዚህ መካከል አያ ጅቦ ትዕግሥቱ አለቀ። «አጋፋሪ፣ ታዲያ ውርንጭላዋ ቀረች ማለት ነው?»

ጫካው በሙሉ ወደ ቀበሮው ዞረ። ቀበሮው ሳቀ፣ አሳለ፣ «ጅብ መቼም ተናግሮ አያውቅበት» አለ፤ አያ ጅቦ ግን «አንተ አይደለህ እንዴ ጉበቱ የእኔ ነው ያልከኝ!» ብሎ ጨረሰው። ቀበሮው ጭራውን ሰብስቦ በእንግዶቹ እግር መካከል ሾለከ። ከዚያን ቀን ወዲህ አጋፋሪ ሲባል የሰማ የለም።

ወጣቱ አንበሳ የፊት እግሩን ውኃው ውስጥ ነከረ። «በዚህ ወንዝ ዳር ውኃ ሊጠጣ የመጣውን፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ አልነካም» አለ።

እንስሳቱ ደስ ብሏቸው «ሰምተ...» ማለት ሲጀምሩ እማማ አህያ በሰኮናዋ መሬቱን መታች።

«አንድ ነገር ቀርቷል።»

«ምን ቀረ?»

«እርስዎ ያውቁታል።»

አንበሳው መልሶ ውርንጭላዋን አየ፤ ምራቁን ዋጠ። መርሳቱ ይሁን መተዉ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ቢርበኝም» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ጮክ ብለው ይበሉት።»

አለው። ሁሉንም፣ ጮክ ብሎ። ያን ጊዜ ጫካው በአንድ ድምፅ «ሰምተናል!» አለ፤ ከሁሉም በላይ የጮኸችው ሚዳቋ ነበረች።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎ፣ ጃንሆይ» አለች እማማ አህያ፤ ልጇንም ወደ ውኃው ገፋ አደረገቻት። ውርንጭላዋ እስክትጠግብ ጠጣች። እናትየዋ ግን ያን ቀን አልጠጣችም፤ በልጇና በንጉሡ መካከል ቆማ ጥፍሩን ስታይ ዋለች።

ከዚህ የምንማረው፣ አዲስ ሹም ሲሾም ከከበሮውና ከድግሱ በፊት ቃለ መሐላውን እስከ መጨረሻዋ ቃል ማዳመጥ፣ የጎደለች ቃል ካለችም ሳያስሞሉ «ሰምተናል» አለማለት እንደሚገባ ነው።