የማያልቀው የመክፈቻ ንግግር

በአንድ ከተማ የዘላቂ ልማት ኤግዚቢሽንና የውይይት መድረክ ተዘጋጀና፣ አንዲት ቅርጫት ሠሪ ሥራዋን ደርድራ ገዢ ትጠብቅ ጀመር። የመክፈቻ ንግግር የያዙት ባለሥልጣን ግን ከጠዋት እስከ ቀትር አልጨረሱም፤ እሳቸው ሳይጨርሱ ደግሞ ወደ ዕቃው ዝር የሚል እንግዳ የለም። ሴትዮዋ ታግሣ ታግሣ ሲያቅታት አፏን ከፍታ አዛጋች። ባለሥልጣኑ አይተዋት ኖሮ ተቆጡ።

«አንቺ ሴት፣ ንግግሬ አሰለቸሽ? በይ ዘላቂ ልማት ምን እንደሆነ ለሕዝቡ አስረጂ። ካላወቅሽ ቅርጫትሽን ሰብስበሽ ትወጫለሽ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ሳቋ እየተናነቃት፣ «ጌታዬ፣ ዘላቂውን እርስዎ ከጠዋት ጀምሮ እያሳዩን ነው። ልማቱን ደግሞ እርስዎ ሲቀመጡ እንጀምረዋለን» አለቻቸው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ባለሥልጣኑም ሳቁ አሸንፏቸው ተቀመጡ።